መኪናዬ እንከን የላትም

ጋሽ ዳምጤ መሞቱን ያወቅኩት በመኪናዋ ድምፅ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ግቢዬን ስጠርግ ከግንቡ ማዶ ቀይዋ መኪና ተነሳች። አነሳሷ ግን የእሱ አልነበረም። እሱ ሞተር ካስነሳ በኋላ ነዳጅ አይረግጥም፤ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው እስክትሞቅ ይጠብቃታል። የዚያን ጠዋት አንድ ሰው ሳትሞቅ ረገጣት፣ አስጓራት፣ እየጎተተ ወደ ደጅ አወጣት። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። ወዲያው የሚስቱ የየሻረግ ጩኸት ተሰማ። መኪናዋን ያወጧት ለድንኳኑ ቦታ ለማስለቀቅ ነበር።

ደነገጥኩ ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው "ሳይናገር ሄደ" የሚል ነገር ነው።

በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ዳንግላም በሙሉ እርስዎ ነው የሚለው። እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። ይህን ያህል መብት አለኝ።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። የከተማችንን ሙሽሮች ያጀበ፣ ለሰው አዛኝ፣ ቃሉን አክባሪ ተባለለት። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ብዙው ውሸት አልነበረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ክፉ የሆነ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር።

እኔና እሱ ግንብ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነበርን፤ የሥራም ባልደረቦች። እኔ ቬሎ አከራያለሁ፣ የሙሽራ መኪና በሪባንና በአበባ አስውባለሁ። እሱ የሙሽራ መኪና ነበረው። "ቬሎ ከትርንጎ፣ መኪና ከዳምጤ" ይባል ነበር፤ ትርንጎ እኔ ነኝ። አንዱን የፈለገ ሌላውን ማግኘቱ አይቀርም።

መኪናዋ የጣሊያን ሥራ ናት፤ ለውድድር ከተሠሩት ዓይነት፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ። ኋላዋ ለልጅ እንኳ የማይበቃ መቀመጫ አላት። ሙሽሮቹ እግራቸውን እዚያ ላይ አድርገው ከጀርባው ላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ከሩቅ ይታያሉ። ጋሽ ዳምጤ አዲስ አበባ የአንድ ሟች ሐኪም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ አግኝቷት፣ በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ነው ያመጣት። ዳንግላ የገባች ዕለት ሕፃን ሽማግሌው ተከትሏት ነበር። እሱ "ልጅት" ይላታል። "ልጅት ዛሬ አኩርፋለች"፣ "ልጅት ብርድ መትቷታል" ይላል። ሚስቱን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም።

ያን ዘመን ሳስብ የሚመጣብኝ ጆሮው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዉን ዝም ያሰኛል። "መኪና ጆሮ ላለው ትናገራለች" ማለት ይወድ ነበር። በዚያች መኪና ሞተር ላይ፣ የእሳት ብልጭታውን የምታዝ ፑንቲና የምትባል ትንሽ ብረት አለች። ስትገናኝና ስትለያይ ነው ብልጭታው የሚፈጠረው። ስትቆይ ትነድዳለች፣ ትጠቁራለች፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ያስላል፣ አንዳንዴም በጭስ ማውጫው በኩል እንደ ጥይት ይጮኻል። ጋሽ ዳምጤ በትንሽ ሞረድ ይሞርዳታል፤ ከሲጋራ ፓኮ የቀደዳትን ካርቶን በመሀሏ አስገብቶ ክፍተቷን ይለካል፤ ከዚያ ያዳምጣል። መኪናዋ ትነሳለች። ሰው ያጨበጭባል። እውነቱን ለመናገር ያምርበት ነበር።

ባትነሳም ያምርበት ነበር። አንድ የገበያ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆማበት፣ ባለጋሪዎቹ ከበቡት።

"ጋሽ ዳምጤ፣ ፈረስ እናበድርዎ?"

"የእኔ ፈረስ ፋንድያ አትጥልም፤ ዝም በል!"

"የማትጥለው ሳትበላ ቀርታ ነዋ! እስቲ ገለባ ይሞክሩላት!"

"አንተን ተሸክሞ የሚውለው ፈረስ ነው የሚያሳዝነኝ። እሱ አፍ ቢኖረው እኔን ነበር አሽከርክረኝ የሚለው።"

ባለጋሪዎቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ገፍተው አስነሱለት። እንዲህ ነበር ሰው የሚወደው። ሠርግ ላይ ደግሞ ያለቅሳል። የማያውቃት ሙሽራ ከእናቷ ስትለያይ መሪው አጠገብ ተቀምጦ እንባው ይወርዳል። እኔ የገዛ ወገኔ ሙሽራ ላይ አላለቅስም።

ሾፌሩ ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን ነበር። እናቴ እርጅናዋ ላይ የወለደችው ስለሆነ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። የራሴ ልጅ የለኝም። ትምህርቱን እንደጨረሰ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ጋሽ ዳምጤ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ለእሱ ሰጠው፣ ራሱ ክራቫት አስሮ ከጎኑ መቀመጥ ጀመረ። ሙሉቀን ከማሽን ጋር የሚስማማ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። መኪናዋን እንደ እሱ ባያባብላትም አይጎዳትም።

ፑንቲናን ስለሚተካው ኤሌክትሮኒክ ያነሳው ሙሉቀን ነው። ግንቡ አጭር ስለሆነ ክርክራቸውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

"ጋሼ፣ ፑንቲናውን አውጥተን በኤሌክትሮኒክ እንቀይረው። ስልኬ ላይ አየሁት፤ እዚያው ፑንቲናው ያለበት ቦታ ነው የሚገባው። አይነድ፣ አይሞረድ፣ ብርድም ሙቀትም አይለውጠው።"

"በስልክህ ያየኸውን ዶሮ ወጥ ጠቅሰህ በልተህ ታውቃለህ?"

"ጋሼ ይሙቱ፣ እውነቴን ነው። በፈረስ እርምጃ ስንሄድ ነው የሚነድብን። ይችን መኪና የሠሯት እንድትሮጥ ነው፤ እኛ እያዘገምን ገደልናት።"

"ስማኝ ልጄ። ፑንቲና ሊሞት ሲል ያስላል፣ ያቃስታል፤ ትሰማዋለህ፣ በሞረድ ታድነዋለህ። ኤሌክትሮኒክ ሲሞት ደህና እደሩ እንኳ አይል። ያኔ ሙሽራ ጭነህ ጥርባ መንገድ ላይ ምን ልትሆን ነው?"

ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ ያንን አልክድም። ልጁ ግን አልተወም። ባሕር ዳር ባለ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ በኩል ከውጭ አስመጣው። በአውቶቡስ የመጣች ትንሽ ካርቶን ናት። ጋሽ ዳምጤ ከፈታት፣ ገለባበጣት፣ "ጥሩ ነው" አለ፣ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጣት። ከመስቀል በኋላ እናስገባዋለን አለ። መስቀል ሲያልፍ ከገና በኋላ አለ። እኔ የገባኝ ያኔ ነው። ያቺ ነገር ከገባች ማንም ቁልፍ አዙሮ መኪናዋን ያስነሳታል፤ ጆሮ አያስፈልግም፤ ካርቶን አያስፈልግም፤ ሰው ከቦ አያጨበጭብም።

ስለ ፈረሶቹ ልናገር። በእኛ አካባቢ የሙሽራው ወገን ፈረስ ያለው ከሆነ ሙሽሮቹን በፈረስ ያጅባል። የዳንግላ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ወደ ዘንገና ሐይቅ ሲሄዱ፣ ፈረሰኞቹ መንገዱ ላይ ጥርባ በምትባል ቦታ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እስከ ሐይቁ ፈረሶቹ ከፊት፣ የሙሽራ መኪና ከኋላ ነው። መኪናው ፈረስ አይቀድምም፣ አይጠጋም፣ አይቆምም። የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ሞተሩ ከጠፋ ትዳሩ አይጸናም የሚሉ አሉ። ስለዚህ ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ እንደ ቀብር እያዘገመ ነው የሚጓዘው። ለሌላ መኪና ምንም አይደለም። ለልጅት ግን መከራ ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ በጥር፣ አንድ የሠርግ ጠዋት ኮፈኑ ላይ ሪባን ሳስር ሁለቱም አጠገቤ ነበሩ። ሙሉቀን የፑንቲናውን ክዳን ከፍቶ አሳየው።

"ጋሼ፣ ጠቁሯል። ይዩት። ነዶ አልቋል።"

ጋሽ ዳምጤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ። ሁለት ሦስት ጊዜ በሞረድ ፈተግ ፈተግ አደረገው፣ ካርቶኑን አስገብቶ አወጣ፣ ክዳኑን ዘጋ። "ለአንድ ሠርግ ታደርሳለች" አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ይልቅ ሪባኑን ላላ አድርጊው ትርንጎ፤ አፍንጫዋን አነቅሽው" ብሎም ቀለደብኝ።

እኔ ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ ከኋላ ተከተልኩ፤ የቬሎው ጅራት መንገድ ላይ መስተካከሉ አይቀርም። ጥርባ ስንደርስ ፈረሰኞቹ ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው ወጡ። ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት፣ ፈንቴ የሚባል የሙሽራው አጎት በዳማ ፈረስ ላይ ነበር። የታወቀ ፈረሰኛ ነው። ጋሽ ዳምጤ በአገውኛ አንድ ነገር ጮኾ አለው፤ ፈንቴም ዘወር ብሎ ሳቀ።

ትንሽ እንደሄድን መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሙሉቀን በኋላ እንደነገረኝ፣ "ጋሼ እያሳለች ነው፣ ጥግ ይዤ ላቁማት" ብሎት ነበር። "ሙሽራ ተጭኖ አይቆምም! ንዳ!" አለው። ያ ጆሮ የሚባለው ጆሮ የዚያን ዕለት አልሰማም አለ።

ከዚያ ጮኸች። ፈረሶቹ ተኩስ የለመዱ ናቸው፤ በሠርግ የሚተኮሰውን ግን ከፊታቸው ያዩታል። ይህኛው ከጭራቸው ሥር ነው የመጣው። የፈንቴ ፈረስ ሽቅብ ቆመ፣ ዞረ፣ ሰውየው ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ሙሽራዋ አልተጎዳችም። ሌሎቹ ፈረሶች ወደ ማሳው ተበተኑ። ፈንቴ አልጮኸም፤ ሊነሳ ሞከረና እግሩ እንዳልታዘዘው ሲያውቅ ፈረሱን ፈልጉልኝ አለ። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። እንጅባራ አደረሱት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩት።

ገና ከመንገዱ ሳይነሳ ወሬው ተጀመረ። በከተማችን ያሉ ጎረምሳ ሾፌሮች መኪናው እየሄደ ቁልፍ አጥፍተው መልሰው ያበሩና እንደ ጥይት ያስጮኹታል፤ ለሴት መታያ ነው። "ልጁ ለሚዜዎቹ ሊታይ አስጮኸው" ተባለ። የፈንቴ ልጆች ይህን ሰሙ። ሙሉቀን እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ግን ወጣት ነው፣ መሪውን የያዘው እሱ ነው፣ ሚዜዎቹም ቆንጆዎች ነበሩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው ሐጂ ኑሩ ነበሩ፤ ቬሎ የማሰፋበትን ጨርቅ የሚሸጡልኝ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ነጋዴ። የተቀመጡት በጋሽ ዳምጤ ግቢ ነው፤ እኔ ከግንቡ ወዲህ ሆኜ አዳመጥኩ። ሙሉቀን ፑንቲናው ነዶ ነበር፣ መለወጫው ቡፌ ውስጥ ነው፣ ላቁም ብዬ ነበር አለ። እኔም የዚያን ጠዋት በጆሮዬ የሰማሁትን በሰው በኩል ላክሁ። "እህቱ አይደለች እንዴ" ተባለና ታለፈ።

ከዚያ ሐጂ ኑሩ ጋሽ ዳምጤን ጠየቁት።

"አቶ ዳምጤ፣ ከጎኑ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። መኪናዋ የዚያን ቀን እክል ነበረባት?"

ጉሮሮውን ጠረገ። ሐጂ ኑሩ እንደገና ጠየቁ። ሰውየው ሊናገር ቢፈልግ በር እየከፈቱለት ነበር፤ ያንን ውለታቸውን አልረሳም።

"መኪናዬ እንከን የላትም" አለ።

ይህችን ብቻ። ልጁ አስጮኸው አላለም፤ ለዚያ እንኳ ድፍረት አልነበረውም። እንከን ከሌለባት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ተወላቸው። እነሱም አገኙት። ሙሉቀን የፈንቴ ቤተሰብ ቁጣ እስኪበርድ፣ ሽማግሌዎች እስኪጠሩት ድረስ ከአካባቢው እንዲርቅ ተወሰነ። ከፈንቴ ልጆች አንዱ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ካየሁት ብሎ በአደባባይ ዝቶ ስለነበር፣ እናቴ ራሷ ናት ሻንጣውን ያዘጋጀችው። አዋሳ ሄደ። እስከ ዛሬ አሸዋ የሚጭን መኪና ይነዳል።

ጾሙ ገባ፤ ሠርግ የለም። አንድ ቀን ከግንቡ ማዶ ጋሽ ዳምጤ ተጣራ።

"ትርንጎ! አለሽ?"

"አለሁ።"

"እስቲ ነይና ቁልፍ አዙሪልኝ፤ ሁለት ቦታ መቆም አልቻልኩም።"

ሄድኩ። ኮፈኑ ተከፍቷል። ባንኮኒው ላይ፣ ጨርቅ ላይ፣ ያቺ ካርቶን ባዶዋን ተቀምጣለች። ከጎኗ የወጣችው ፑንቲና ነበረች። አንዱ ፊቷ ተቦርቡሮ፣ ሌላው እንደ ኪንታሮት አብጦ፣ ሁለቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር። ፑንቲናዋ በነበረችበት ቦታ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ገብታለች፣ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ ወጥቶላታል። ወንድሜ ስልኩ ላይ ያሳየኝ ነገር ነው። ሥራው ይህን ያህል ብቻ ነበር። ጀበና ሳይፈላ የሚያልቅ ሥራ።

ሙሉቀን የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"አዙሪ" አለኝ።

አዞርኩ። ወዲያው ተነሳች። ሳታስል፣ ሳታንገራግር፣ እንደ ስፌት መኪና። እሱ ያቺ ጥቁር ነገር የገባችበትን ዲስትሪቢዩተር የሚባለውን ክብ ዕቃ በእጁ ይዞ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አዞረው፤ ድምፁ ረጋ አለ፤ ብሎኑን አጠበቀ። ቀና ሲል እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። እኔ መሆኔን ረስቶት ነበር መሰለኝ።

"ሰማሽው ትርንጎ? ሰማሽልኝ?"

"ሰማሁት። ይህን ድምፅ ጥር ላይ ብሰማው ኖሮ ወንድሜ እቤቱ ነበር።"

ሳቁ ጠፋ። ጨርቁን አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ፤ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት።

"ሐጂ ኑሩ ዘንድ ይሂዱ" አልኩት። "አሁን ይሂዱ። ይችን ይዘው ይሂዱ። ነድዳ ነበር፣ ልጁ ነግሮኝ ነበር ይበሏቸው።"

"ለፈንቴ ዳሌው ይመለስለታል?"

"ለእናቴ ልጇ ይመለስላታል።"

"ትርንጎ፣ ሰው ልጁን አምኖ በመኪናዬ የሚያስቀምጠው ለምን ይመስልሻል? ዳምጤ ያየው አይሳሳትም ብሎ ነው። ተሳስቻለሁ ካልኩ ምን ይቀረኛል?"

"ለእኔስ ምን ቀረኝ?"

"እሱ ወጣት ነው፤ የትም ይሠራል። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? ትንሽ ይብረድ። ለፋሲካ እናገራለሁ። በሚካኤል ስም።"

ፑንቲናዋን ከጨርቁ ላይ አንስቶ ከአጥር ውጭ ወደ ቦዩ ወረወራት። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ራሴ አጥፍቼው ወጣሁ።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ዓይኔን አያየኝም። በግ ሲያርድ እግሩን ይልክልኛል፤ እመልሰዋለሁ። በሥራ ግን መገናኘታችን አልቀረም፤ የምኖርበት እንጀራ ነው። ከሁሉም ያንገበገበኝ አንድ ነገር አለ። ኤሌክትሮኒኩ ከገባ በኋላም በየሠርጉ ኮፈኑን ይከፍት ነበር። የሲጋራ ካርቶኑን ከኪሱ ያወጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁን አንስቶ ሰዉን ዝም ያሰኛል። የሚለካ ነገር የለም፤ የሚሞረድ ነገር የለም። ካርቶኑን ባዶ ቦታ አስገብቶ ያወጣል። ከዚያ "አዙር!" ይላል አዲሱን ሾፌር፤ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ትነሳለች፤ ሰው ያጨበጭባል።

"ጋሽ ዳምጤ፣ ልጅት ተሻሻለች! ምን አደረጓት?"

"ጆሮ ነው" ይላል።

እኔ ሪባን አስራለሁ።

እናቴ በክረምት አረፈች። ሙሉቀን እመጣለሁ ብሎ ተነስቶ ነበር፤ የፈንቴ ልጆች ቀብሩ ላይ እንደሚገኙ ስለሰማሁ እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት። በስልክ ብቻ አለቀሰ። ጋሽ ዳምጤ ሦስቱንም ቀን ከፊት ተቀምጦ እያነባ አስተዛዘነን። ያ እንባ የውሸት ነው አልልም። የእሱ እንባ ሁልጊዜ እውነተኛ ነበር፤ ለማንም ግን ምንም አያደርግም ነበር። ሊወጣ ሲል እጄን ይዞ "ሙሉቀንስ ደህና ነው?" አለኝ። እጄን አስለቀቅኩ።

እንግዲህ አሁን፣ ከዓመታት በኋላ፣ እሱም ሞተ። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ሳለ ፈንቴ ዱላውን ተደግፎ ገባ። ከወደቀ ወዲህ በአንድ ጎኑ ያነክሳል። ከየሻረግ ፊት እጅ ነሥቶ ከአጠገቤ ባለው አግዳሚ ላይ እግሩን ቀጥ አድርጎ ተቀመጠ። ስንት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በላይ አልተነጋገርንም። የዚያን ቀን ግን ከእንግዲህ ማንን እጠብቃለሁ አልኩ።

"አያ ፈንቴ፣ ዳሌህ እንዴት ነው?"

"ብርድ ሲሆን ትናገራለች እታለም። ሌላው ደህና ነው።"

"አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ብታምነኝም ባታምነኝም። የዚያን ቀን ወንድሜ..."

"አላስጮኸውም" አለ። "ብረቷ ነድዳ ነበር።"

ወደ እሱ ዞርኩ።

"ማን ነገረህ?"

በዱላው መሬቱን ጫረ ጫረ አደረገ። "ራሱ ነው። ያን ዓመት ለፋሲካ ቤቴ መጣ። ገና ከአልጋ አልወረድኩም። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ሁሉንም ነገረኝ። ለልጆቼም ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። የሽማግሌ ለቅሶ ከባድ ነው፤ ማልኩለት።"

ለፋሲካ እናገራለሁ ብሎኝ ነበር። ተናግሯል።

"አንተስ? የሰው ልጅ እንደ ወጣ ሲቀር ዝም አልክ?"

"ልጁ አዋሳ ተደላድሏል አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሄደው፣ መመለስም አይፈልግም አለኝ። እህቱም አውቃ ትታዋለች አለኝ። እኔ ምን ላውቅ እታለም?" ጎንበስ ብሎ በአገውኛ ለብቻው የሆነ ነገር አጉተመተመ። "አሁን መሐላዬ ከሱ ጋር ተቀብሯል። ልጁ ይምጣ። ልጆቼን እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ፤ ሐጂ ኑሩም ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። ዛሬውኑ ይምጣ።"

ከድንኳኑ ጥግ ሆኜ ሙሉቀን ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ስልኩን ለፈንቴ ሰጠሁት። ፈንቴ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሩቅ እንዳለ ሰው እየጮኸ፣ "ልጄ፣ ንጹሕ ነህ፣ በእግዜር ስም ይቅር በለኝ፣ ወደ አገርህ ግባ" አለው። ሰዉ ዘወር ዘወር እያለ አየን። ስልኩን መለሰልኝ።

ከሙሉቀን በስተኋላ የጭነት መኪና ይጮኻል።

"እታለም" አለኝ።

"ወዬ።"

"እናቴ የለች። አሁን ለማን ልምጣ?"

ለእኔ ና ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ብቻ ናት። አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። በሴቶቹ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ለእናቴ እንኳ ያለቀስኩት በሬን ዘግቼ ነው። እሱ "እታለም? እታለም?" እያለ ጠበቀ፤ ከዚያ አለቃው ሲጠራው ሰማሁ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ከሴቶቹ አንዷ ውሃ ይዛ መጣች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ትከሻዬን ያዘችና፣ "አይዞሽ ትርንጎ" አለችኝ፤ "እንደሳቸው ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?"